የአሥራ ሁለተኛው ቢሮ ምስክሮች

አሥራ አንድ የጥብቅና ቢሮዎች ዝም ብለዋታል። እምቢ ቢሏት አንድ ነገር ነው፤ እምቢታም መልስ ነው፤ ሰው እምቢታውን ይዞ ቢያንስ ቁጭ ብሎ ማልቀስ ይችላል። እነሱ ግን ጭጭ። ልጅቱ ሕግ ተምራ በማዕረግ የተመረቀች የሃያ አራት ዓመት ወጣት ናት። ዩኒቨርሲቲ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ሰፈሩ ስሟን ትቶ «አንቀጽ» ይላታል። አንቀጽ የጥብቅና ፈቃድ ለማውጣት አንድ ዓመት ሙሉ ልምድ ባለው ጠበቃ ሥር መሥራት አለባት፤ «ነይ ግቢ» የሚላት ጠበቃ ግን እስካሁን አልተወለደም።

አጎቷ ደግሞ የቀለም መደብር አለው። እስከ ወሩ መጨረሻ ቢሮ ካላገኘች ከባልዲዎቹ ጀርባ ያለችው በርጩማ የእሷ እንደሆነች በየሳምንቱ ደውሎ ያስታውሳታል።

«ቀለም ጥሩ ነው» ይላል አጎትየው። «ቀብተሽው ይደርቃል። የእናንተ ጉዳይ መቼ ደርቆ ያውቃል?»

አጎትየው ክፉ ሰው አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻላት ነበር። በርጩማዋ ላይ ትራስ ሁሉ አሠርቶላታል።

ወሩ ሊያልቅ አሥራ ሦስት ቀን ሲቀረው አሥራ ሁለተኛው ቅጽ መጣ። ዘጠኝ ገጽ ነው። ቢሮው የዱሮ ቢሮ ነውና አናቱ ላይ «በጥቁር እስክሪብቶ፣ በእጅ ጽሕፈት ይሞላ» ይላል። አንቀጽ ቅጹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ጠረጴዛው የእሷ ብቻ አይደለም፤ ግማሹ የእናቷ የልብስ ስፌት መኪና ነው። እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፤ መኪናው በተንቀጠቀጠ ቁጥር የአንቀጽም ጽሕፈት አብሮ ይንቀጠቀጣል።

አባትየው ከወዲያ ማዶ ተቀምጧል። ሥራው ማመልከቻ መጻፍ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ አንዲት ጠረጴዛ፣ አንድ ጃንጥላና ሁለት ወንበር ይዞ ሠላሳ ዓመት የሰው በደል ጽፏል። ሕግ አልተማረም፤ ሕግ ግን ሠላሳ ዓመት ሙሉ በጣቶቹ መካከል አልፏል። ጽሕፈቱ ደግሞ ጽሕፈት ነው፤ የተካሰሱ ሰዎች እንኳ «ክሱስ ክስ ነው፣ አጻጻፉ ግን!» ብለው ይስማሙበታል።

«አራተኛውን አንብቢው እስቲ» አላት።

«'ዋና ድክመትዎን ይግለጹ።'»

አባትየው መነጽሩን አወለቀ። «ማነው ይህን የጠየቀው?»

«ቢሮው ነዋ፣ አባዬ።»

«ጠበቆች ናቸው አይደል? ሰው በራሱ ላይ እንዲመሰክር አይገደድም። ጠበቃ ሆነው ይህን ካላወቁ ድክመቱ የእነሱ ነው። እንደዚያ ብለሽ ጻፊላቸው።»

«እኔን ቢጠይቁኝ» አለች እናትየው እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ፣ «'ሳህን አታጥብም' ብዬ በአንድ መስመር እገላግላቸው ነበር።»

አንቀጽ ሁለቱንም አልጻፈችም። «ሥራ ስጀምር ሳልጨርስ መነሣት አልችልም» ብላ ጻፈች፤ አሥራ አንዱም ላይ እንደዚያው ነበር የጻፈችው።

«'ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያዩታል?'»

«እዚህ ቤት አይደለም በይ» አለች እናትየው።

«'ከሌሎች ሁሉ የእኛን ቢሮ ለምን መረጡ?'»

እናትየው መርፌዋ ላይ ክር ማስገባት ጀመረች። እውነተኛው መልስ ሌሎቹ ሁሉ ስላልመረጧት ነው፤ ይህ ደግሞ የሚጻፍ አይደለም።

ስምንተኛው ገጽ ሲያልቅ የአንቀጽ አውራ ጣት ደንዝዞ ነበር። ዘጠነኛው ገጽ ስለ አመልካቿ ጠባይና ችሎታ የሚያስረዱ ሦስት ሰዎች፣ ከነአድራሻቸውና ከነስልካቸው እንዲጻፉ ይጠይቃል።

«እስከ ዛሬ እዚህ ላይ ማንን ስትጽፊ ነበር?» አለ አባትየው።

«መምህሮቼን ነዋ።»

«ተደውሎላቸው ያውቃል?»

አንቀጽ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። አንደኛው መምህር ለትምህርት ባሕር ተሻግሯል። ሁለተኛው ሦስት መቶ ተማሪ ስላለው እሷን ከአንዲት ረጅም ልጅ ጋር ያምታታታል። ሦስተኛው የማያውቀውን ቁጥር አያነሣም፤ ስልኩ ላይ የማንንም ቁጥር ስላልመዘገበ ደግሞ የሚያውቀው ቁጥር የለም።

አባትየው ይህን ሲሰማ ሐኪም የታማሚውን ውጤት ሲያይ እንደሚያደርገው ራሱን ነቀነቀ።

«ልጄ» አለ በመጨረሻ፣ «አሥራ አንድ ጊዜ ያለ ምስክር ቀርበሽ ነው የተሸነፍሽው። ይህን ገጽ ለእኔ ተይው።»

«እኔ እመሰክራለሁ» አለች እናትየው።

«የሥጋ ዘመድ ነሽ። ቃልሽ ክብደት የለውም።»

መኪናው ቆመ። «ዘጠኝ ወር ተሸክሜያት ክብደት የለውም?»

አባትየው ብዕሩን አነሣ። እያንዳንዱን ፊደል ሐውልት እንደሚያቆም ሰው እያቆመ ዘጠነኛውን ገጽ ሞላው። አንቀጽ የደነዘዘ ጣቷን እያሸች ተቀብላው ከግርጌው ፈረመች።

ልብ አድርጉልኝ፤ ይቺ ልጅ አምስት ዓመት ሕግ ተምራለች። ሳያነቡ መፈረም እንደማይገባ በመጀመሪያው ዓመት፣ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ምናልባትም በመጀመሪያው ሰዓት ተነግሯታል። ለጎረቤቱ ሁሉ «ሳታነቡ እንዳትፈርሙ» እያለች የምታስቸግርም እሷው ናት። የአባቷን ጽሕፈት ግን ሳታነብ ፈረመች፤ አጠፈችው፤ ፖስታ ውስጥ ከተተችው።

በስምንተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ ለቃለ መጠይቅ ትቅረብ ተባለ። እናትየው የራሷን የድግስ ኮት አፍርሳ በአንድ ቀን በልጇ ልክ ሰፋችው። አባትየው ሐሙስ ዕለት «ዛሬ ሥራ ይበዛብኛል» ብሎ ከሁሉም ቀድሞ ከቤት ወጣ። አንቀጽን ቅር አላት፤ በዚያ ቀን እንኳ ቢሸኛት ምን ነበረበት?

ቢሮው ከአንድ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አንቀጽ ከአሳንሰሩ ወጥታ የእንግዳ መቀበያውን በር ስትገፋ በመጀመሪያ ያየችው የአባቷን ጀርባ ነው። ቀጥሎ አግዳሚ ወንበሩን አየች። ወንበሩ ላይ በቁመታቸው ቅደም ተከተል ሦስት ሰዎች ተደርድረዋል፤ ሦስቱም መታወቂያቸውን እንደ ሻማ በእጃቸው ይዘዋል።

የመጀመሪያዋ አከራያቸው ናቸው። ጠዋት ማታ የመብራት ቆጣሪውን ካላዩ እንቅልፍ ስለማይወስዳቸው ሰፈሩ «እትዬ ቆጣሪ» ይላቸዋል፤ በሌሉበት። ሁለተኛው የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ጥበቃ ናቸው፤ ተማሪው ሁሉ «አባ መዝጊያ» የሚላቸው። ሦስተኛው ፍርድ ቤቱ በር ላይ ከአባቷ ጠረጴዛ አጠገብ የሚሠራው ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሲዳር የለበሰውን ሱፍ ለብሶ፣ የላይኛውን ቁልፍ ለመቆለፍ ከራሱ ጋር እየታገለ።

«አባዬ» አለች አንቀጽ፤ ድምፅዋ ከጫማዋ ሥር የመጣ ይመስል ነበር። «ምንድነው ይሄ?»

«ምስክሮችሽ ናቸዋ።»

«እነሱ የሚፈልጉት ስልክ ቁጥር ነው!»

«ስልክ ቃለ መሐላ አይፈጽምም» አለ አባትየው። «በቀጠሮው ቀን ያልቀረበ ምስክር እንደተተወ ይቆጠራል። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን ልትነግሪኝ ነው? ደግሞስ ፈርመሽበት የለም እንዴ?»

«ኮቱ አምሮብሻል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «አንገትሽ ጋ ግን ፀጉሩ ትንሽ...»

እንግዳ ተቀባይዋ ስሟን ጠራች። መሬት ተሰንጥቃ እንድትውጣት አንቀጽ በልቧ ጠየቀች፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ስለነበረች መሬት አልሰማቻትም። ገባች።

ውስጥ ሁለት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ የቢሮው መሥራች፣ ፀጉራቸው የነጣ፣ አጭር ሴትዮ ናቸው፤ እርሳስ ይቀርጻሉ። ሌላው ባለ መነጽር ጎልማሳ ጠበቃ ነው፤ ጥያቄዎቹን ከወረቀት ያነባል።

«ስለ ራስዎ ይንገሩን።»

አንቀጽ ስለ ራሷ ነገረች። በቡድን መሥራት እንደምትወድ፣ በጫና ውስጥ ብርቱ እንደሆነች፣ አዲስ ነገር ለመማር ዝግጁ እንደሆነች፤ በቃሏ የያዘችውን ሁሉ እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ወረደችው። ባለ መነጽሩ በእያንዳንዱ መልስ ላይ ምልክት አደረገ። ሴትዮዋ ሦስተኛውን እርሳስ ቀርጸው ጨረሱና ማዛጋታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። አንቀጽ ያቺን መዳፍ አየች። ከዚያች መዳፍ ጀርባ የቀለም ባልዲዎች ታዩዋት፤ በርጩማዋ ከነትራሷ ታየቻት።

በሩ ተንኳኳ። እንግዳ ተቀባይዋ ራሷን ብቻ አስገባች።

«ይቅርታ፤ የአመልካቿ ምስክሮች በቀጠሯቸው ቀርበናል፤ እንግባ ወይስ እንጠብቅ ይላሉ።»

ባለ መነጽሩ ሳቀ። ሴትዮዋ አልሳቁም። እርሳሱን አስቀመጡ።

«በሰዓታቸው?»

«ከሁለት ሰዓት ጀምሮ እዚህ ናቸው።»

«አርባ ዓመት ጥብቅና ቆሜ» አሉ ሴትዮዋ ለማንም ሳይሆን፣ «በሰዓቱ የመጣ ምስክር ሁለቴ ነው ያየሁት። አንዱ ቀኑን ተሳስቶ ነው።» ወደ አንቀጽ ዞሩ። «ያንቺ ናቸው?»

«አባቴ ነው፤ እኔ አላውቅም ነበር» ማለት ይቻል ነበር። ውጭ ግን ሦስት ሰው መታወቂያውን ይዞ ተቀምጧል፤ አባ መዝጊያ ለዚህ ሲሉ የሌሊት ተረኛ ሆነው ሳይተኙ ነው የመጡት።

«አዎ፣ የእኔ ናቸው።»

«እንግዲያው አሰሚያቸዋ። እሱ ደግሞ» ወደ ባለ መነጽሩ በአገጫቸው እያመለከቱ «አትቀጠርም ብሎ ይከራከራል። እኔ እሰማለሁ።»

አከራይዋ ገቡ። ስማቸውን ሲናገሩ አንቀጽ ደነገጠች፤ በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ግቢ መኖር ስማቸውን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር።

«ስለ እኔ ምን ያውቃሉ?»

«ክፉ ልጅ ናት» አሉ አከራይዋ።

ባለ መነጽሩ ወንበሩ ላይ ተመቻቸ። ምስክር «ለምን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ መልሱ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። አንቀጽ ይህን ፈተና ላይ በትክክል መልሳ ሙሉ ነጥብ አግኝታለች። አሁን ግን ሌላ ጥያቄ አልመጣላትም።

«ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ለምን ትለኛለች! ግቢው የእኔ፣ የልብስ ማስጫው ገመድ የእኔ። ሰኞና ሐሙስ ግን ገመዱ የእነሱ ነው፤ ያጠብኩትን ታቅፌ እቆማለሁ። ለምን? ፈርሜያለኋ! ይቺው ናት የገመድ ውል ብላ ያስፈረመችኝ። ያኔ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ ገመዱ ጋ አይደርስም።»

«ውሉ አሁንም ይሠራል?» አሉ ሴትዮዋ ወደ ፊት ጠጋ ብለው።

«አሥር ዓመት ቀዳዳ ፈለግኩለት፣ እመቤቴ። የለውም። ለዚህ እኮ ነው ወንድሜ 'የአባታችን መቃብር ማሳደሻ ስምምነት ነው፣ ፈርሚ' ብሎ ወረቀት ሲያመጣልኝ እሷ ጋ የሮጥኩት። ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አነበበችው። 'እትዬ፣ ይሄ መቃብሩን ሳይሆን ቤትዎን ነው የሚያድሰው፤ በወንድምዎ ስም' አለችኝ። አልፈረምኩም። ይኸው ዛሬም ከቤቴ ነው የመጣሁት።»

ባለ መነጽሩ ተነሣ። «ስለዚህ አመልካቿ የጥብቅና ፈቃድ ሳይኖራት የሕግ አገልግሎት ሰጥታለች ማለት ነው?»

«እቃወማለሁ» አለች አንቀጽ፤ ቆማ እንደነበር ራሷም ያወቀችው ያን ጊዜ ነው። «ምስክሯ ያዩትንና የሰሙትን ይናገሩ እንጂ የሕግ ድምዳሜ ሊጠየቁ አይገባም።»

«ልክ ናት» አሉ ሴትዮዋ። «ቀጥይ።»

«'እኔ ጠበቃ ነኝ' ብዬዎት ነበር?»

«መሪ ጥያቄ!» አለ ባለ መነጽሩ፤ ፊቱ በርቷል፤ እሱም ከጠዋት ጀምሮ የመጀመሪያ ደስታው ነበር።

አንቀጽ ከንፈሯን ነከሰች። «አስተካክላለሁ። ያን ዕለት ስለ ራሴ ምን አልኩዎት?»

«'እኔ ገና ተማሪ ነኝ፤ ፈቃድ ያለው ሰው ጋ ሄደው ያረጋግጡ' አለችኝ። ሄድኩ። እሱም ያንኑ አለኝ፤ ግን በሦስት ሳምንቱ።»

ሴትዮዋ አንድ ነገር ጻፉ። አከራይዋ ወጡ፤ አባ መዝጊያ ገቡ። አባ መዝጊያ ቃል የሚያወጡት ከጡረታቸው እንደሚቀነስባቸው ያህል ነው።

«የት ነው የሚያውቁኝ?»

«በር ላይ።»

«ከቤተ መጻሕፍቱ ስንት ሰዓት እወጣ ነበር?»

«ሳስወጣሽ።»

«በሳምንት ስንት ቀን?»

አባ መዝጊያ አሰቡ። «ቤተ መጻሕፍቱ የሚከፈተው ስንት ቀን ነው?» አሉ። ከዚያም ሳይጠየቁ፣ በሕይወታቸው ረጅሙን ንግግር ጨመሩ፦ «እሷ ስትመረቅ ቤቴ በጊዜ መግባት ጀመርኩ። ሚስቴ ደነገጠች።»

አንቀጽ አመስግና ተቀመጠች። ነገሩ በመልካም ሁኔታ እየሄደ ነበር፤ ባለ መነጽሩ አንዲት ጥያቄ ብቻ አለኝ እስኪል ድረስ።

«እዚህ የጠራዎት ማን ነው?»

«አባቷ።»

«እሷስ?»

አባ መዝጊያ ውሸት የማያውቁ ሰው ናቸው። «አታውቅም ነበር» አሉ።

ባለ መነጽሩ ዘጠነኛውን ገጽ ከመዝገቡ አውጥቶ ወደ አንቀጽ አዞረው። ያማረው ጽሕፈት ጠረጴዛው ላይ ተዘረጋ። «የሦስቱም ሰዎች ስም እዚህ ተጽፏል። ፊርማው የማን ነው?»

«የእኔ።»

«አንብበውት ነው የፈረሙት?»

«አዎ» ብትል ማንም አያውቅባትም። አባቷ እንኳ አንብባዋለች ብሎ ነው የሚያምነው። ግን ምስክሯ ከሁለት ደቂቃ በፊት እውነት ተናግረው ገና አጠገቧ ተቀምጠዋል።

«አላነበብኩትም።»

ባለ መነጽሩ ወረቀቱን በቀስታ አስቀመጠ፤ ያሸነፈ ሰው እንደሚያስቀምጠው። ሴትዮዋ ገጹን ወደ ራሳቸው ሳቡት።

«ማን ጻፈው?»

«አባቴ። ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ ጸሐፊ ነው።»

«ሳታነቢ የምትፈርሚለት ሌላ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ከዛሬ በኋላስ?»

አንቀጽ በሩን አየች፤ ከበሩ ጀርባ ያለውን ሰው እያሰበች። «እሱም የለም» አለች።

ሴትዮዋ ሳቁ። አሳሳቃቸው የወጣት ነበር፤ ትከሻቸው ሁሉ ይሥቅ ነበር። ሳቁ ባለ መነጽሩም ላይ ተጋባ።

«ስሚ» አሉ እንባቸውን እየጠረጉ። «ያቺ 'በቡድን መሥራት እወዳለሁ' ስትለኝ የነበረችው ልጅ ወደ ቤቷ ትሂድ። ይቺ ያልጠራችውን ምስክር ያሰማችው ሰኞ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ትግባ። የምትፈርሚውን ሁሉ እኔ ፊት ጮክ ብለሽ ታነቢያለሽ፤ ዓመቱን ሙሉ።»

«ይግባኝ እላለሁ» አለ ባለ መነጽሩ፣ እጁን ለመጨበጥ እየዘረጋ።

ውጭ ስትወጣ አከራይዋ እልል አሉ፤ እንግዳ ተቀባይዋ ስልክ ላይ የነበረውን ደንበኛ ይቅርታ ጠየቀች። አባትየው ግን በደስታ አላበደም። ኮሌታውን አስተካክሎ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ጠረጴዛ ቀረበ።

«የውሳኔው ግልባጭ ይሰጠን» አለ። «ማኅተም ያለበት።»

የቅጥር ደብዳቤው ተሰጠው። በሁለት እጁ ተቀብሎ ማኅተሙን ወደ ብርሃን አዙሮ አየው። አንቀጽ ደብዳቤውን ከእጁ ወስዳ ከላይ እስከ ታች፣ ከነቀኑና ከነቁጥሩ አነበበችው። ከዚያ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

ከደረጃው ሥር ለእናቷ ደወለችላት። መኪናው በስልኩ ውስጥ ሲቆም ተሰማ።

«አባትሽ ምን አደረገ?» አለች እናትየው መጀመሪያ።

«ምስክር አመጣ፤ ሰኞ እጀምራለሁ፣ እማዬ!»

«እኔን ከልክሎ?» አለች እናትየው፤ ግን መሃል ላይ ሳቋ አመለጣት። «ለአጎትሽ እኔ ነኝ የምነግረው። ማንም እንዳይቀድመኝ።»

ሁሉም ደስ ብሏቸዋል፤ ከፀጉር አስተካካዩ በቀር። አውቶቡስ ውስጥ ገብተው እንኳ ኩርፊያው አልለቀቀውም።

«እኔ ሳልሰማ» አለ። «ሱቅ ዘግቼ፣ ሱፍ ለብሼ፣ ከሁለት ሰዓት ጀምሬ ተቀምጬ፣ እኔ ሳልሰማ ውሳኔ ተሰጠ!»

«ተፈርዶልን የለ?» አለ አባትየው። «ምን ቀረብህ?»

«ቃሌ ቀረብኛ! ምስክር ነህ ብለኸኝ ነው የመጣሁት። ሳልመሰክር አልገባም።»

ተነሥቶ የአውቶቡሱን ብረት ያዘ፤ ቀኝ እጁን አነሣ፤ ስሙንና ሥራውን ተናገረ። ተሳፋሪው ከስልኩ ቀና አለ።

«ይቺ ልጅ ስድስት ዓመቷ ነው» ብሎ ጀመረ። «ወንበሬ ላይ ወጣች። መቀስ ሳነሣ 'መጀመሪያ እስከ የት እንደምትቆርጥ አሳየኝ' አለችኝ። በጣቴ አሳየኋት። በብዕር አንገቷ ላይ አሰመረችና 'ከዚህ ካለፍክ ትጠየቃለህ' አለች...»

«አለፍክ ወይስ አላለፍክም?» አለች ከኋላ አንዲት ሴት ጎመን ታቅፋ።

«ወደዚያ እየመጣሁ ነው።»

«ጥያቄውን መልስ!» አሉ አከራይዋ፤ ሥራው ጥሟቸዋል።

«አለፍኩ! በአንድ ጣት!»

አውቶቡሱ ጮኸ። አባ መዝጊያ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንቀጽ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና ስትሥቅ መውረጃቸው አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። የሚወርደውም የሚሳፈረውም ሁሉ አንዳንድ ጥያቄ እየጠየቀ ስለሚቆይ ማንም ልብ አላለውም። ወርደው ሁለት ፌርማታ ያህል በእግራቸው ተመለሱ። አባትየው ደብዳቤውን በደረቱ ይዞ ከፊት፣ አከራይዋና አባ መዝጊያ ጎን ለጎን፣ ፀጉር አስተካካዩ በመሃል ኋሊት እየሄደ፣ ሁሉም እንዲሰሙት እጁን እያወናጨፈ። ሰፈሩ መግቢያ ላይ ሲደርሱ ምስክሩ ገና የስምንት ዓመቷን እየጀመረ ነበር።